«ማስለቀቅ»፤ የአንድ የሕግ ቃል አመሠራረትና ታሪክ በይፋት ቆላ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። እዚያ ላይ፣ ኢጣልያኖች በወረራቸው ዘመን በፈለፈሉት ዋሻ ሾልኮ፣ በደብረ ሲና በኩል ወደ ይፋት ቆላ መውረድ ይጀምራል። ሸዋ ሮቢት ሲገባ ከፍታው ወደ 1300 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሏል። ጣርማ በር ላይ ካቦርቱን ቆልፎ የነበረ መንገደኛ ሮቢት ላይ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ይህ ከተማ በቀወት ምድር ላይ የተቆረቆረ ሲሆን በስተምዕራቡ የደጋው ገደል፣ በስተምሥራቁ ወደ አፋር የሚዘረጋው ሜዳ ይታያል። አገሩ ማሽላና ጤፍ፣ ሽንኩርትና ማንጎ፣ በኋለኛውም ጊዜ ማሾ የሚመረትበት፣ ከሮቢና ከመሰሎቹ ወንዞች ውሃ እየተጠለፈ የሚለማ ለም አገር ነው።

በገደልና በበረሃ መካከል የተዘረጋ ጠባብ ለም ምድር የመንገድ ዕጣ ፈንታ አለበት። ከዘይላ ወደ ሸዋ ደጋ ይወጣ የነበረው የሲራራ ነጋዴ በዚህ አለፈ። ኢጣልያኖች የደሴውን ጎዳና በዚህ አወረዱት፤ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም ከእነርሱ በኋላ ጥገናውን ተረከበ። በ2007 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው፣ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የሚደርሰውና ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የባቡር ሐዲድም የተቀየሰው በዚሁ ቆላ ላይ ነው። የመስኖ ቦዩ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶው፣ የከተማው ማስፋፊያ ሲታከልበት፣ አንድ ቀያሽ በይፋት ሜዳ ላይ ችካል ሲተክል ችካሉ የሰው ማሳ ላይ ማረፉ የማይቀር ነው። ስለዚህም መሐንዲሱ ከአፈሩ ጥንካሬና ከወንዙ ሙላት አስቀድሞ የሚገጥመው አንድ ቃል አለ። ቃሉ «ማስለቀቅ» ነው።

ይህ ቃል በሕግ መጻሕፍት የቆመው በእንግሊዝኛ «ኤክስፕሮፕሪዬሽን» የሚባለውን ረጅም ቃል ለመተካት ነው። የእንግሊዝኛው ቃል በአፍ ሲከፈል አምስት ቀለም አለው፤ ኤክስ - ፕሮ - ፕሪ - ዬ - ሽን። (የግጥም መምህራን «ቀለም» የሚሉት በአንድ የድምፅ ምት የሚወጣውን የቃል ክፍል እንደሆነ አንባቢ ልብ ይሏል።) ድምፁ የሚከብደው አራተኛው ቀለም ላይ ነው። ምንጩ ላቲን ሲሆን፣ «ኤክስ» ከአንድ ነገር ውስጥ ማውጣትን፣ «ፕሮፕሪዩስ» ደግሞ የራስ የሆነን ነገር ያመለክታል። እንግዲህ ፈረንጁ ቃሉን የሠራው ከ«የራስነት» ተነሥቶ ነው፤ የአንድ ሰው የራሱ የነበረ ነገር ከራስነቱ ይወጣል ማለት ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን የሚያስቸግረው አጠራሩም ጭምር ነው። «ክ»፣ «ስ»፣ «ፕ»፣ «ር» አራቱ ያለ አናባቢ በተከታታይ ይመጣሉ፤ አማርኛ ደግሞ ይህን ያህል ተነባቢ በአንድ ላይ ማከማቸት ስለማይወድ በመካከሉ ሳድስ ድምፅ እየሰነቀረ አምስቱን ቀለም ሰባትና ስምንት ያደርሰዋል። የ«ፐ» ድምፅ ራሱ በቋንቋው ውስጥ እንግዳ ነው፤ ፖሊስን «ቦሊስ» የሚሉ አባቶች ዛሬም አልጠፉም። ቃሉ በፊደላችን ቢጻፍም ከመሥሪያ ቤት ደጃፍ ባይወጣ አያስገርምም።

«ማስለቀቅ» በአንጻሩ በሦስት ቀለም ያልቃል፤ ማስ - ለቅ - ቀቅ። በጽሑፍ አንድ ሆኖ የሚታየው የመጀመሪያው «ቀ» በአፍ ጠብቆ ስለሚነገር ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ቀለም ላይ ይቆማል። ሥሩ «ለቀቀ» ነው። ይህ ግሥ በይፋት ገበሬ ቋንቋ ውስጥ ያለው ግዛት ሰፊ ነው። እረኛ ከብቱን ይለቃል። ሠራተኛ ሥራውን ለቅቆ «መልቀቂያ» ያወጣል። የከፋ ቀለም የተነከረ ጨርቅ ሲታጠብ ይለቃል። በመስኖ ቀበሌዎች «የውሃ አባት» የሚባለው ሰው ተራው ለደረሰ ገበሬ ውሃ ይለቅለታል፤ በዚህ አነጋገር መልቀቅ መስጠት ነው፣ ተቀባዩም አካፋውን ይዞ ቦዩ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ቸርነት ነው። «መሬቱን ለቀቀ» ሲባል ግን ያው ግሥ ማጣት ይሆናል። ውሃና መሬት በአንድ ማሳ ላይ ተገናኝተው፣ አንዱ ሲለቀቅ ሰው ይደሰታል፣ ሌላው ሲለቀቅ ያለቅሳል።

የሰዋስው ሊቃውንት ግሥን «አዕማድ» በሚሏቸው መደቦች ይከፍሉታል። ለመሐንዲስ የሚመች ስም ነው፤ የዓረፍተ ነገሩ ሸክም በትክክል የሚያርፈው በእነዚህ ምሰሶዎች ላይ ነውና። «ለቀቀ» አድራጊ ነው፤ የያዘው ሰው በገዛ እጁ ይተዋል። «ተለቀቀ» ተደራጊ ነው፤ ነገሩ ተትቷል፣ ማን እንደ ተወው ግን ቃሉ አይናገርም። «አስለቀቀ» አስደራጊ ነው፤ ከውጭ የመጣ ሌላ ሰው፣ የያዘውን ሰው እንዲለቅ ያደርገዋል። የንዑስ አንቀጹ «መ» ከ«አስ» ጋር ሲዋሐድ «ማስ» ይሆንና «ማስለቀቅ» ይወለዳል። በዚህች በ«ስ» ድምፅ ውስጥ ሁለተኛ ሰው ተደብቋል፤ እርሱም አስለቃቂው ነው። ይህን የሕግ ቃል ታሪክ ለመከታተል የሚሻ ሰው ይህችን «ስ» ዐይኑን ሳይነቅል መከተል ይኖርበታል፤ በአንዳንድ አዋጅ ውስጥ ትገኛለች፣ በአንዳንዱ ትጠፋለች።

ከ«ማስለቀቅ» በፊት በይፋት ምድር መሬትን ከሰው እጅ የሚያወጣው ቃል ሌላ ነበር። ይፋት በሙስሊም ሱልጣኖች ዘመን ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የገዛው አገር ነው፤ በገደሉ ጥግ ላይ የቀሩት የአስበሪና የኖራ የድንጋይ ፍርስራሾች፣ በተለይም የመስጊዶቹ ግንብ፣ የዚያን ዘመን ግንበኞች ሙያ ዛሬም ይመሰክራሉ። ኋላም የሸዋ ነገሥታት ቤት ከደጋው ወደ አንኮበርና ወደ ይፋት እየሰፋ ሲሄድ አገሩ ከሰሎሞናዊው መንግሥት የመሬት ሥሪት ጋር ተዋወቀ። ርስት፣ ጉልት፣ ማደሪያ፣ ገባር የሚባሉት ቃላት ሥር ሰደዱ፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይም ቀላድ ተጣለ። ቀላድ ገመድ ነው፤ የመለኪያው ገመድ ስም የመሬቱ ስም ሆኖ ቀረ። በቀላድ ተለክቶ የሚሰጠው አንድ ጋሻ መሬት ወደ 40 ሄክታር ይጠጋ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ «ርስት» የሚለው ቃል አሠራሩ እጅግ ያስደንቃል። የወጣው «ወረሰ» ከሚለው የግእዝ ግሥ ነው። «ወለደ» ብሎ «ልደት» እንደሚል፣ «ወረሰ» ብሎ የመጀመሪያውን «ወ» ጥሎ «ርስት» ይላል። ከአባት የወረሱት ነው ርስት። ይሁን እንጂ ያው «ወረሰ» የሚለው ግሥ ሌላ ፊትም አለው። መንግሥት የበደለኛን ሀብት ለራሱ ሲያደርግ «ወረሰ» ይባላል። ልጅ ያባቱን ይወርሳል፤ መንግሥትም የባለርስቱን ይወርሳል። በአጻጻፍም በአጠራርም ልዩነት የለም፤ ሲጠብቅም ሲላላም ሁለቱ አንድ ናቸው። ልዩነቱን የሚያስታውቀው ወራሹ ማን እንደሆነ ብቻ ነው። ሰጪውንና ነጣቂውን በአንድ ግሥ መጥራት የአንድ ቋንቋ ድኽነት ነው የሚል ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን የመሬት ታሪክ ለሚያጠና ሰው ከዚህ የበለጠ እውነተኛ መዝገብ አይገኝም።

በዚያው ቆላ የሚኖሩ ሙስሊሞች ደግሞ «ወቅፍ» የሚለውን የዐረብኛ ቃል ያውቃሉ። ሥሩ መቆምን፣ ማቆምን ይገልጻል፤ ለመስጊድ ወይም ለበጎ ሥራ የተሰጠ ሀብት ከእጅ ወደ እጅ እንዳይዘዋወር በቦታው «ይቆማል»፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም ማለት ነው። የቃዲ ፍርድ ቤቶች በ1930ዎቹ ዓመታት በአዋጅ ሲታወቁ ወቅፍ ከሥልጣናቸው አንዱ ሆኖ ተቆጠረ። እንግዲህ በአንድ አገር ላይ መሬት የሚቆምበት፣ የሚወረስበትና የሚለቀቅበት ቃል ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር።

ዘመናዊው ሕግ የመጣው በላይ በላዩ ነው። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ተወላጅ ሀብት ሕግ ከወሰነው የሕዝብ ጥቅም በቀር እንዳይነጠቅ ደነገገ። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥትም በ44ኛው አንቀጽ ተገቢ ካሣ ሳይከፈል ንብረት እንደማይወሰድ አጸና። ዋናው ዝርዝር ግን በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ፣ ከአንቀጽ 1460 ጀምሮ ይገኛል። ረቂቁን በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ፤ ከዚያም ወደ እንግሊዝኛና ወደ አማርኛ ተመለሰ። በሦስቱ ቋንቋዎች መካከል ስለሚታየው ልዩነት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ያስተምሩ የነበሩት ጆርጅ ክርዜቹኖቪች በየጊዜው ጽፈዋል።

ተርጓሚዎቹ የፈረንሳይኛውን ቃል ቁርጥራጭ እየገጣጠሙ «ከራስነት ማውጣት» የሚል ቃል ሊሠሩ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። ማንኛውም ገበሬ የሚያውቀውን «ለቀቀ»ን አንሥተው በአስደራጊ አዕማድ አቆሙት። የትርጉም ሥራ ሲባል ይህ ነው። ሆኖም አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ጉድለቱም የቃሉ ሳይሆን የዘመኑ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የነበረው ሕግ መሬትን የግል ሀብት አድርጎ ይቆጥር ነበር። «መልቀቅ» ግን የ«መያዝ» ተቃራኒ ነው፤ የ«ባለቤትነት» ተቃራኒ አይደለም። የያዘ ይለቃል፤ ባለቤት የሆነ ግን ይሸጣል፣ ይሰጣል ወይም ይነጠቃል። ስለዚህ ቃሉ ከሕጉ ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር ለማለት ይቻላል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ የጋራ ንብረት ሲያደርግ ለመሬቱ ካሣ አልተከፈለም። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን ወሰደ። በዚያን ጊዜ ሕዝቡ «ተለቀቀ» ወይም «ተዛወረ» አላለም። «ተወረሰ» አለ። «የተወረሰ ቤት» የሚለው አነጋገር በሸዋ ሮቢትም ሆነ በሌላው ከተማ እስከ ዛሬ ይሰማል። አሮጌው ግሥ ሁለተኛውን ፊቱን አሳየ፤ ርስትን የወለደው ሥር ርስትን ዘጋ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ ሲያጸና፣ ገበሬው የሚኖረው መብት «ይዞታ» ተባለ። «ይዞ» ከሚለው ቦዝ አንቀጽ ላይ «ታ» ተጨምሮ የተሠራ ስም ነው። እነሆ በዚህ ጊዜ «ማስለቀቅ» ትክክለኛ ባላጋራውን አገኘ። የያዘ እንዲለቅ ይደረጋል። ሠላሳ አምስት ዓመት ቀድሞ የተሠራው ቃል የሚገጥመውን ቀዳዳ አገኘና ቁልፍና ጋን ሆኑ። ይህን ያሰበበት ተርጓሚ እንዳልነበረ የታወቀ ነው፤ ግን ቃላት አንዳንድ ጊዜ ሕጉ እስኪደርስባቸው ይጠብቃሉ።

በዚሁ ሕገ መንግሥት 40ኛ አንቀጽ ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ ሦስት ልዩ ልዩ ግሦች መገኘታቸው ለቃል ተመራማሪ ትልቅ ሲሳይ ነው። አርሶ አደሩ ከመሬቱ «ያለመነቀል» መብት አለው። አርብቶ አደሩ ከመሬቱ «ያለመፈናቀል» መብት አለው። መንግሥት ደግሞ ለሕዝብ ጥቅም ሲያስፈልግ ተመጣጣኝ ካሣ አስቀድሞ ከፍሎ የግል ንብረትን «ለመውሰድ» ይችላል። «ነቀለ» ተክልን ከሥሩ ማውጣት ነው፤ «ፈነቀለ» ድንጋይን በዘንግ ገፍቶ ከተቀመጠበት ማንሣት ነው። ሥር ሰዶ የሚኖረው ገበሬ በተክል መመሰሉ የተገባ ሲሆን፣ ከዝናብ ጋር እየተጓዘ የሚኖረው የአፋር ከብት አርቢ ከስፍራው በማይነቃነቅ ድንጋይ መመሰሉ ግን ፈገግ ያሰኛል። በይፋት ቆላ ሁለቱም ጎረቤታሞች ናቸው፤ ማሽላው ከታጨደ በኋላ የአንዱ ከብት የሌላውን አገዳ ይበላል። «መውሰድ» የሚለው ሦስተኛው ግሥ ግን በቀጥተኛነቱ ከሁሉም ይለያል። አድራጊ ነው፤ ባለቤቱም በግልጽ ተጽፏል፤ መንግሥት ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ሕጎች ሲነበቡ ያ ግልጽነት ይደበዝዛል። ሐምሌ 1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 በርእሱ ላይ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የመሬት ይዞታ ስለ«ሚለቀቅበት» ሁኔታ ይናገራል። የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም በዚሁ ቃል ይጀምራል፤ «የሚለቀቅበት»። ይህ ቃል በምሕንድስና ዐይን ቢመረመር ደስ የሚል አሠራር አለው። በጽሑፍ ሰባት ፊደል ነው። በአፍ ግን «ሚ» ይጠብቃል፣ «ለ» ይጠብቃል፣ የመጀመሪያው «ቀ» ይጠብቃል፣ «በ»ም ይጠብቃል። ከሰባቱ ፊደላት አራቱ እጥፍ ሆነው ይነገራሉ፤ ስለዚህም ጆሮ የሚሰማው ተነባቢ ዐሥራ አንድ ነው፣ ቀለሙም ስድስት። «የም - ሚል - ለቅ - ቀ - ቅብ - በት»። እንግሊዝኛው ከነላቲን ጭፍራው በአምስት ቀለም የጨረሰውን አማርኛው በስድስት ቀለም ይጨርሳል፤ በዚያችው አንዲት ቃል ውስጥ ግን «የሚ»ን፣ ግሡን፣ «በት»ንም አጠቃልሎ ነው።

ይሁንና «ስ» የት ሄደች? በ«የሚለቀቅበት» ውስጥ የለችም። አዕማዱ ተደራጊ ሆኗል። መሬቱ ይለቀቃል፤ ሁኔታው ይወሰናል፤ ካሣው ይከፈላል። የሚለቅም የሚያስለቅቅም ሰው በርእሱ ውስጥ አይታይም። በአንቀጾቹ ውስጥ ሥልጣን ያለው አካል ማን እንደሆነ በሚገባ ተዘርዝሯልና ሕጉ አድራጊውን ደበቀ ማለት ያስቸግራል። ነገር ግን ገበሬው የሚሰማው ርእሱን ነው። አዋጅ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሲነበብ ከርእሱ አልፎ አንቀጽ በአንቀጽ የሚያዳምጥ ጥቂት ሰው ነው።

የመንገድ ባለሙያዎች ደግሞ ለዚሁ ሥራ የራሳቸው ስም አላቸው፤ «ወሰን ማስከበር»። ይህ ቃል በጨረታ ሰነድም በሳምንታዊ ሪፖርትም በየገጹ ይገኛል፤ ሥራ የዘገየበት ምክንያት ሲጠየቅ ከሚሰጡት መልሶች መካከልም ብዙ ጊዜ ቀዳሚው እርሱ ነው። «ከበረ» ብሎ «አስከበረ»፤ እዚህ ላይ «ስ» ተመልሳ መጥታለች፣ አሁን ግን በክብር ልብስ ተሸፍና ነው። ገበሬ «ወሰኔን አስከበርሁ» ሲል ጎረቤቱ ገፍቶት የነበረውን ድንበር መለሰ፣ ሽማግሌ አስቀምጦ ድንጋዩን በቦታው ተከለ ማለቱ ነው። መሐንዲስ «ወሰን ተከበረ» ሲል ያ ድንጋይ ተነቅሏል ማለቱ ነው። ሁለቱም አማርኛ ነው፣ ሁለቱም ትክክል ነው። የመንገዱ ወሰን የሚከበረው የገበሬው ወሰን ሲፈርስ ስለሆነ፣ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ማሳ ዳር ቆመው በአንድ ቃል ሲነጋገሩ አይግባቡም። የሙያ ቃል በመሥሪያ ቤት ውስጥ ተወልዶ ወደ ገጠር ሲወጣ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ አደጋ ይደርስበታል፤ ይህኛው ግን ከሁሉም የከፋ ይመስላል፣ ምክንያቱም የሚያቆስለው ሳይታወቅ ነው።

በመጨረሻ የመጣው ቃል «ተነሺ» ነው። በአዲስ አበባ «የልማት ተነሺ» ተብሎ ከተለመደ በኋላ የ2011ዱ አዋጅ በርእሱ ላይ «ተነሺዎች መልሰው የሚቋቋሙበት» ብሎ ሕጋዊ ስም አደረገው። «ተነሣ» ዛሬ ብድግ ማለት ነው። ሥሩ ግን የግእዙ «ነሥአ» ሲሆን ትርጉሙ ወሰደ፣ አነሣ ነው። ትንሣኤም የወጣው ከዚሁ ነው። በአማርኛም «ነሣ» ብቻውን ሲቆም መከልከልን፣ ማሳጣትን ያመለክታል፤ ሰው «እንቅልፍ ነሣኝ» ይላል። ስለዚህ «ተነሺ» በላዩ ሲታይ በገዛ እግሩ የሚነሣ ሰው ነው፤ በሥሩ ሲቆፈር ግን የተወሰደበት ሰው ይገኛል።

እዚህ ላይ የፊደላችን አሮጌ ጉድለት ዋጋ ያስከፍላል። «ይነሣል» ተብሎ የተጻፈ ቃል «ነ»ም «ሣ»ም ሲላሉ አንድ ነገር ነው፤ እገሌ ከእገሌ ላይ ይነሣል፣ ያሳጣል ማለት ነው። «ነ»ም «ሣ»ም ሲጠብቁ ሌላ ነው፤ ሰውየው ብድግ ይላል ወይም ከቦታው ይወገዳል ማለት ነው። በወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ጥብቀትን በፊደል ራስ ላይ በነጥብ ለማመልከት የሞከሩ ሊቃውንት ነበሩ፤ ምልክቱ ግን በሰዋስው መጻሕፍት ውስጥ ቀረ እንጂ ወደ ጋዜጣም ወደ ማስታወቂያም አልወጣም። በዐሥር ሺህ ብር የማይገዛ መሣሪያ ተሸክሞ የአንድን ችካል ቦታ በሴንቲ ሜትር የሚወስን ቀያሽ፣ ለዚያ ችካል የሚጻፈውን ደብዳቤ ማጥበቂያና ማላሊያ በሌለው ፊደል ይልካል። «ተነሺ» በሚለው ላይማ ጥብቀትም አያድንም። ለሴት «አንቺ፣ ተነሺ!» ተብሎ የሚሰጠው ትእዛዝና የአዋጁ ስም በፊደልም በድምፅም አንድ ናቸው። ባሏ የሞተባት፣ ማሳው በስሟ የተመዘገበ የቀወት ገበሬ ስሟን በዝርዝሩ ላይ ስትሰማ ከፊቱ የሚቀድመውን ማዕረግ እንደ ትእዛዝ ብትሰማው አትወቀስም።

በዚህ ቆላ ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው አማርኛን በእናቱ ጡት አልጠባም። አርጎብኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ በአንድ ገበያ ላይ ይሰማሉ። አርጎብኛ ለአማርኛ እጅግ የቀረበ በመሆኑ አርጎባው ነገሩን ይጨብጠው ይሆናል። በኦሮምኛ መነሣት «ከኡ» ሲሆን ማንሣት «ካሱ» ነው፤ አስደራጊው «ስ» እዚያ ከግሡ በስተኋላ ይቆማል። «ካሱ» ከአማርኛው «ካሣ» ጋር ያለው የድምፅ መመሳሰል እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም፣ ማንሣትና ካሣ በአንድ ጆሮ ውስጥ እንዲህ መቀራረባቸው የተርጓሚውን ሥራ ያቀለዋል ወይስ ያወሳስበዋል፣ መናገር አይቻልም።

ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣው ሒሳብ ነው፤ በዚያም የቃል ምርጫ ብር ይሆናል። በ1997ቱ አዋጅ መሠረት ምትክ መሬት ሳያገኝ ለዘለቄታው የሚለቅ ገበሬ የመፈናቀያ ካሣው የሚሰላው ከመልቀቁ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘው «አማካይ» ዓመታዊ ገቢ በዐሥር ተባዝቶ ነበር። የ2011ዱ አዋጅ ሦስት ዓመት ወስዶ በእነዚያ ውስጥ «ከፍተኛ» የሆነውን ገቢ በዐሥራ አምስት እንዲባዛ አደረገ። ዝናብ በሚያታልልበት በይፋት ቆላ «አማካይ» ማለት አንድ የድርቅ ዓመት አራት የጥጋብ ዓመታትን ይዞ ሲወርድ ማለት ነው። «ከፍተኛ» ሲባል ግን ሽንኩርት ዋጋ ያወጣበት፣ ማሾው ያማረበት ያ አንዱ ዓመት ለዘላለም ይመሰክራል። ጊዜውም እንዲሁ ተለውጧል፤ ቀድሞ ከመልቀቁ በፊት ከዘጠና ቀን የማያንስ ማስጠንቀቂያ ይሰጥ የነበረው ገበሬ በኋላኛው አዋጅ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት እንዲወያይ ተደነገገ። በ2016 ዓ.ም. ለዚህ አዋጅ ማሻሻያ ወጥቷል፤ ርእሱ የቆመበት ግሥ ግን አልተለወጠም።

የፌዴራል ሕጎች በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታትመው ሲወጡ፣ በሁለቱ መካከል ልዩነት ቢገኝ የሚጸናው አማርኛው ነው። ስለዚህ ፍርድ ቤት ክርክር ቢነሣ፣ የሚመረመረው አምስት ቀለም ያለው የፈረንጅ ቃል ሳይሆን ይህ ለእረኛውም ለውሃ አባቱም የሚታወቀው «ለቀቀ» ነው። ዝርዝሩን የያዘው ወረቀት ግን ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ሸዋ ሮቢት ላይ በአንድ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ማንበብ የማይችሉት አንዱን ተማሪ ከጎናቸው ያቆማሉ። ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ «የሚ...» ብሎ ይጀምርና ቀጣዩን ፊደል ያጠብቀው ወይስ ያላላው እንደሆነ ሳያውቅ ለአፍታ ያመነታል፤ የቆሙትም ሰዎች አፉን ይጠብቃሉ።